ምልክቱ ሲነሳ የሚቀረው ጥላ

ከአኖ እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ድሮ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አይታችሁ ከሆነ የኔን እጅ አይታችኋል ማለት ነው። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ደግሞ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ኮከብ በሉኝ፣ አንበሳ በሉኝ፣ የተጠላለፈ ጎራዴ በሉኝ፣ በክር የማልሠራው ነገር አልነበረም። የፖሊሱን፣ የጥበቃውን፣ የሚሊሻውን፣ የወታደሩን ክንድ ያስጌጥኩት እኔ ፈይሳ ነኝ። ተምሬ አይደለም፤ ትምህርት ቤትን የማውቀው በበሩ በኩል ሳልፍ ነው። አማርኛውንም አብዛኛውን የለቀምኩት ከወታደር ደንበኞቼ ነው፤ ሳወራ ትእዛዝ የምሰጥ ከመሰላችሁ ከነሱ ወርሼው ነው።

አሁን መጋረጃ ነው የምሰፋው። መጋረጃና የሶፋ ልብስ፣ እዛው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ እዛችው ሱቄ ውስጥ። "ምልክት ትሠራለህ ወይ?" ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ አውራ ጣቴ ላይ የጠመጠምኩትን ፋሻ አሳየዋለሁ። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከጋሽ ነስሩ ልጀምር።

ጋሽ ነስሩ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የቀሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። ኦሮምኛቸው ከኔ ይበልጥ ነበር። ሲናደዱ ብቻ ወደ አገራቸው ቋንቋ ይመለሳሉ። ምን ይሉኝ እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ ምርቃት እንዳልነበረ ግን ከፊታቸው ይገባኝ ነበር። ሜትር አይዙም። መለኪያቸው እጃቸው ነው፤ ስንዝር፣ ግማሽ ስንዝር፣ የጣት አንጓ። መቀስም ክር አይነካም ባይ ናቸው፤ ክር የሚቆረጠው በጥርስ ነው። እኔም ይኸው የፊት ጥርሴ ላይ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለኝ፤ ፈገግ ስል ይታያል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ፈገግ እላለሁ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስፌት አልነበረም። ሰው ማንበብ ነበር።

"ደረቱ ላይ ያለው ስሙ ነው" አሉኝ። "ትከሻው ላይ ያለው ማዕረጉ ነው። ከትከሻው ስፌት ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ ያለው ደግሞ የማን እንደሆነ ነው። በስምህ የሚጣላህ የለም። በማዕረግህም ቢበዛ ይቀኑብሃል። የማን እንደሆንክ ግን..." ብለው ክሩን በጥርሳቸው ቀጨም አድርገው በጠሱት።

ለምን ትከሻና ክንድ ላይ እንደሆነ ስጠይቃቸውም አሳዩኝ እንጂ አላብራሩም። በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው እንዳይ አደረጉኝ። ደረትን ትጥቅ ይሸፍነዋል፣ ፊትን ቆብ ይሸፍነዋል፤ ክንድ ግን ከጎንም ከኋላም ይታያል። ከሩቅ የሚያይህ ሰው፣ ጣቱ የጠመንጃ ምላጭ ላይ ያለ ሰው፣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የምልክቶቹን ታሪክም በካውያ መካከል ነው የሰማሁት፤ እሳቸው እየተኮሱ ያወሩ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ትከሻ ላይ የሚያበራ ነሐስ ነበር፣ ዘውድና አንበሳ፣ በአመድ ይታሻል። ንጉሡ ሲወርዱ ዘውዱም አብሮ ወረደ። "አንበሳውን ባርኔጣ አስወለቅነው" ይሉ ነበር ጋሽ ነስሩ፤ በጥልፍ የተሠራውን ዘውድ በምላጭ ክር በክር ለቅመው ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ከዛ የደርግ ኮከብ መጣ፣ እሱም ጊዜውን ጨረሰ። ከዛ ወዲህማ ጋሻውም፣ ችቦውም፣ ወፉም፣ ባንዲራውም ተፈራረቀ። እኔ ራሴ አንድ ሸሚዝ ላይ ስንት ጊዜ ምልክት ቀይሬያለሁ። ሰውየው ያው ሰውዬ፣ ሆዱ ብቻ ትንሽ ጨምሯል።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በዚህ በኛ መንገድ ሲበተን፣ ጋሽ ነስሩ ጋ እየገባ "ንቀሉልኝ" ይል ነበር። አንዱ ወረፋ መጠበቅ አቃተው። ምልክቱን በጥርሱ ገነጠለና ጥሎት ሄደ። ታች ወንዙ ጋ አሸናፊዎቹ አስቆሙት። እጅጌው ላይ ምልክት የለም፤ ጨርቁ በፀሐይ ነጥቷል፣ ምልክቱ የነበረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል።

"ከዛስ ጋሼ?"

"ካውያውን ከሰል ጨምርበት" አሉኝ። ከዛ በላይ ነግረውኝ አያውቁም።

ለዚህ ነው መስፋቱን ሳይሆን መንቀሉን እንደ ትልቅ ሙያ ያስተማሩኝ። ከፊት በኩል አይነካም። ጨርቁ ይገለበጣል፣ በግማሽ ምላጭ የታችኛው ክር እየተዘለለ ይቆረጣል፣ ከዛ የላዩ ክር እንደ ፀጉር ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። የመርፌው ቀዳዳ በጥፍር አንዴ በቁመት አንዴ በጎን ይፋቃል፣ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ይተኮሳል። ቀዳዳው ይዘጋል። ያ ያልነጣው ቦታ፣ ጥላው፣ ግን በካውያ አይጠፋም። ጥላን የሚያጠፋው ፀሐይ ነው፤ የቀረውን እጅጌ በወረቀት ሸፍኖ ጥላውን ብቻ ሎሚ እያስነኩ ማስጣት ነው፣ ቀለሙ እስኪተካከል።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንድ፣ ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ ምልክት አይሰፋም፣ አይነቀልም። ሁለት፣ የተነቀለ ምልክት አያድርም። ባለቤቱ ፊት የከሰል ካውያው ተከፍቶ ውስጡ ይጣላል፣ ይከደናል፣ ጭሱ በካውያው አፍንጫ ይወጣል። የስንቱን ሻምበልነት አቃጥለን የስንቱን ሱሪ ተኮስንበት መሰላችሁ። ሰው ልብሴ ጭስ ጭስ ይሸተኛል ሲል "ማዕረግ ነው፣ አልለመድከውም እንጂ ይጣፍጣል" እለው ነበር።

እሳቸው ካለፉ በኋላ ጊምቢ ሄጄ ቆብ ብቻ የሚያሰፋኝ አለቃ ጋ ትንሽ ሠራሁ። ሰውየው የሰው ጭንቅላት ሁሉ እኩል ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ተጣላንና ተመለስኩ። ነቀምቴ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ገቢው ቤቴን ያሳድር ነበር። ከዛ የሚጣበቀው ምልክት መጣ። ፋብሪካ የሠራው፣ በማዳበሪያ የሚመጣ፣ ስፌት የማይፈልግ፤ ሲለጥፉት ጭብ፣ ሲያነሱት ችርር። ያን ድምፅ ስሰማ ሥራዬ የተቀደደ ነው የመሰለኝ። እንጀራዬን የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር እንጂ የሚያስፈራኝስ መስሎኝ አልነበረም።

ያን ክረምት ታምሩ መጣ። ከነቀምቴ አኖ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ጨዋ ሰው፣ አፉ ብቻ እንደኔ ነው። ከልባሽ ተራ የገዛው ወፍራም አረንጓዴ ኮት ለብሷል። ክንዱ ላይ ታቹ ሾጠጥ ያለ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍ። የየት አገር ወፍ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

"ፈይሳ፣ ይሄን ወፍ አውርድልኝ። ኬላ ላይ ሁሌ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።"

"ለምን ገዛኸው ታዲያ?"

"ይሞቃላ።"

አወረድኩለት። እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ፣ ቀዳዳው ራሱ ተሸወደ። ግን ያልኳችሁ ጥላ ቁጭ አለ፤ ጠቆር ያለ ጋሻ፣ ንጹሕ። "ፀሐይ ይፈልጋል" አልኩት። ውጭውን አየና ሳቀብኝ። ነቀምቴ፣ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው።

"እስከ መስከረም ብርዱን አንተ ትለብስልኛለህ?"

"ቁራጭ ጨርቅ ልደርብበት?"

"የባሰ። ምን ሸፈንክ ይሉኛል።"

እውነቱን ነው። "በል ወፉ ከሌለ ጥላውን ማን ያይልሃል" አልኩት። ካውያውን ከፈትኩ፣ ወፉን ጣልኩት። ታምሩ ጭሱ ላይ እጁን እየሞቀ "ጥሩ ወፍ ነበር" አለ። ተሳስቀን ተለያየን።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ጫልቱ መጣች። ነጠላዋ ከዝናቡ የተነሳ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል። ሰላምታ የለም፣ "አካም" የለም፣ ምንም።

"ኦቦ ፈይሳ፣ ታምሩን አኖ ሳይደርስ ያለው ኬላ ላይ ይዘውታል። ኮቱን አይተው ነው። የኛን ምልክት ነቅለህ የከዳህ ነህ፣ ወይ ከከዳ ሰው ወስደህ ለጫካዎቹ ልታደርስ ነው ይሉታል። የውጭ አገር ወፍ ነበር ቢላቸው፣ የታለ ወፉ አሉት። ማሎ፣ እባክህ ያወረድከውን ስጠኝ፣ ላሳያቸው።"

"ወፉ የለም።"

"የት ሄደ?"

"በረረ።"

እኔ ስፈራ ቀልድ ይበዛብኛል። ፈይሳ በጣም ሲቀልድ ካያችሁ ጉልበቱን እዩት። ጫልቱ አልሳቀችም። ዓይኗ ከኔ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ካውያው ላይ ሄዶ ቆመ። ገባት።

"ነገ ወደ ሌላ ቦታ እንወስደዋለን ብለዋል" አለች። "የት እንደሆነ አልነገሩኝም።"

ሁለታችንም ወደ ሌላ ቦታ የተወሰደ ሰው እናውቃለን። አንዳንዱ ይመለሳል። የማይመለሰውን ደግሞ የት ብላችሁ እንደምትጠይቁ አይታወቅም፤ ጠያቂውም ይጠየቃል።

በሩን ገርበብ አደረግኩና ተቀመጥኩ። ጫልቱ ደጃፉ ላይ ዝናብ የምትጠብቅ መስላ ቆመች። ወፉን ልሠራው ነው። መጠኑን እጄ ያውቀዋል፤ ስነቅለው በልማዴ ለክቼዋለሁ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ሌባ ጣቴ ሁለተኛ አንጓ፣ ጎኑ አራት ጣት። ታቹ የሚሾጥጥበት ቦታ፣ ክንፉ ወደ ግራ ትንሽ የሚረዝመው፣ ምንቃሩ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ አለ። ፔዳሉን ስረግጥ እግሬ ስለሚንቀጠቀጥ ስፌቱ ይሮጥብኛል፤ ቆም እላለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እቀጥላለሁ። በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጨርቁን ጭኔ ሥር እደብቃለሁ። አስቡት፤ ሰው ከራሱ ሱቅ ውስጥ ወፍ ይደብቃል።

ሲያልቅ አዲስ ሆኖ አበራ። በሻይ ቀባሁት፣ በካውያ አደረቅኩት፣ በጡብ ፈተግኩት፣ ጫማዬ ሥር አሸሁት። በመጨረሻ ያረጀ ወፍ ሆነ። አምላኬ ይቅር ይበለኝና በዛ ሰዓት እንኳ "ጎሽ ፈይሳ" ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፈርን። ወፉ ጫልቱ ለባሏ በያዘችው ምሳ ዕቃ ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር ነው። መንገዱ ላይ ያለው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ኬላ ላይ ፍተሻ ቢያገኘን የክህደት ምልክት ይዛችኋል እንባላለን። በመሐል ሌሎቹ ከጫካ ወጥተው ቢያስቆሙን ደግሞ ያንኑ ጨርቅ አይተው ሰላይ ናችሁ ይሉናል። አንድ ወፍ በሁለቱም ወገን የሚያሳስረን ሆኖ ከዳቦ ሥር ተኝቷል። ሾፌሩ ዘፈን ከፍቶ፣ መንገዱ ጠመዝመዝ ሲል ራሱ አጠፋው።

አንዱ ኬላ ላይ አስወረዱን። ወንዶቹ እጃችንን አንስተን ቆምን። ፈታሹ ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ ዳቦውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። "የማን ነው?" አለ። "የባሌ ነው፣ ልጄ፣ አልበላም" አለችው ጫልቱ። ከደነው።

የታምሩ ኬላ ጋ ስንደርስ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገቡን። አለቃው ወጣት ነው፤ አይጮህም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ኮቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ጥላው ወደ ላይ። ታምሩ ጥግ ላይ በሸሚዝ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ በብርድ ገርጥቷል፣ እኛን ሲያይ ቀና አላለም። አለቃው እያሰበ ክንዱ ላይ ያለውን የራሱን ምልክት ያነሳዋል፣ ይለጥፈዋል። ችርር። ጭብ። ችርር። ጭብ።

ወፉን ከዳቦው ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ቅቤ ነክቶታል፤ ሽማግሌ መስሏል። ጥላው ላይ አስቀመጠው። ገጠመ። ጫፉ በጫፉ፣ ሹሉ በሹሉ። ጫልቱ ከኋላዬ ስትተነፍስ ሰማሁ።

ከዛ ገለበጠው።

ጀርባውን ረስቼዋለሁ። ፊቱን በሻይ፣ በጡብ፣ በጫማ ሳስረጀው የታችኛው ክር ከነንጣቱ ቀርቷል፤ ትናንት ከመጠቅለያው የወጣ ክር።

"ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ" አለኝ።

ቀልድ ፈለግኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ። "አዎ ጌታዬ። ዋናውን አቃጥዬዋለሁ። አስተማሪዬ እንደዛ ስላስተማሩኝ ነው። ይሄ መልኩ ነው እንጂ ውሸት አይደለም።"

"የሚያቃጥል የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው።"

ችርር። ጭብ።

ያኔ ጫልቱ ከኋላዬ ወጥታ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። "አባኮ፣ አባቴ፣ ልጄ" አለችው፣ ቀስ ብላ። "የሱን ወፍ ተወው። የናንተ ምልክት ነበረበት አይደል ያላችሁት? ያንተን አንሳና እዛው ላይ አስቀምጠው። ከገጠመ ውሰደው። ካልገጠመ ባሌን ስጠኝ።"

አያችሁ፣ እኔ አንድ ቀን ሙሉ ስሰፋ ይሄ አልመጣልኝም። አለቃው ትንሽ አያትና የራሱን አነሳ። ችርር። ጥላው ላይ አኖረው። የሱ ጠበብ ይላል፤ በሁለቱም ጎን የጠቆረው ጨርቅ ወጣ ብሎ ታየ። አዙሮ ሞከረው። ዝቅ አደረገው። በር ላይ የቆመውን ወታደር ጠርቶ ሌላ ዓይነት ምልክት አስመጣና እሱንም ሞከረ። እሱም አልሞላውም።

"ተነስ" አለው ታምሩን። "ኮቱ ግን እዚህ ይቀራል።"

ታምሩ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ጫልቱ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። እኔም ተከትያቸው ልወጣ ስል አለቃው "አንተ ቆይ" አለኝ። ወፉን እንደያዘ ነው፤ ፊቱን ያያል፣ ጀርባውን ያያል።

"ይሄን በአንድ ቀን ነው የሠራኸው?"

ዕድሜ ልኬን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አፌ ቀደመኝ።

"ኧረ በግማሽ ቀን ነው።"

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። አለቃው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። የራሱን ምልክት አነሳና ወደኔ ዘረጋው። "የኔንስ?"

አየሁት። ሌላ ሰው ባየው ምልክት ነው። እኔ ሳየው የክሩ ቁጥር፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ከምሳ በፊት እንደሚያልቅ ታየኝ። "አልችልም ጌታዬ።"

"ትችላለህ" አለ፣ ልክ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። "የኛን የሚመስል ምልክት ለብሶ ሰው ቤት የሚገባ አለ። ማን እንደሚሠራለት ስንፈልግ ነበር። ስምህን ንገረኝ። ሱቅህስ የት ነው?"

ነገርኩት። ምን ላድርግ።

"የማን ነህ አንተ?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ሥራህን አይደለም የጠየቅኩህ" አለኝ። ወፉን ኪሱ ከተተ። "ሂድ። እጅህን ግን አውቄዋለሁ።"

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ታምሩ እጄን ይዞ አለቀሰ፣ ጫልቱም መረቀችኝ። እኔ እጄ ከሱ እጅ ውስጥ እንዳይወጣ ነበር የምፈልገው።

ሳምንት ሳይሞላው የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ሱቄ ገባ። ከኪሱ ምልክት አወጣ፤ የዛኑ አለቃ ዓይነት ነው። "ይሄን በብዛት ትሠራልኛለህ" አለኝ። ማን እንደላከው አላወቅኩም። የኬላ ሰዎቹ ሊፈትኑኝ ልከውት ይሆን? ወይስ የእውነት የሚፈልገው ነው? እሺ ብል አንደኛው ይወስደኛል፣ እምቢ ብል ሌላኛው። ክንዱን አየሁ፤ ካፖርቱ ባዶ ነው፣ የሚነበብ ነገር የለውም። ጋሽ ነስሩ ያስተማሩኝ ንባብ እዛ ላይ አለቀ። እጄ ግን በስፌት መኪናው መርፌ ሥር ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩት። መርፌው በአውራ ጣቴ ጥፍር ገብቶ በታች በኩል ወጣ። ጮኬ ደሜን አሳየሁት፣ ሰውየው ትንሽ ቆሞ ምልክቱን ኪሱ ከቶ ወጣ። ተመልሶ አልመጣም። ማን እንደነበረም እስካሁን አላውቅም።

ጣቴ ከዳነ ቆይቷል። ፋሻውን ግን በየጊዜው እቀይራለሁ፣ አንዳንዴም ቀይ መድኃኒት ጠብ አደርግበታለሁ። ለመጋረጃ ስፌት አውራ ጣት ብዙም አያስፈልግም። ደንበኛ ፊት መስመሬን ትንሽ አጣምማለሁ። "ድሮ እኮ እጅህ ወርቅ ነበር" ይሉኛል። "አረጀሁ" እላለሁ። ከአኖ እስከ ደምቢ ዶሎ የታወቀው ፈይሳ እንዲህ ብሎ ይመልሳል። እናንተም ብትጠየቁ እንደዛው በሉልኝ።

ለታምሩ ኮት ሰፋሁለት፣ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለው። በዓለም ላይ እንደዛ የሚለብስ ጦር የለም። ኬላ ላይ ሲያዩት ይስቁበታል፣ ሳይፈትሹት ያሳልፉታል። "ብታሳቅቀኝም አሞቅከኝ" ይለኛል፣ አበባውን እየነካካ።

ባለፈው አንድ ተማሪ መጋረጃ ሊያሳጥር መጥቶ ቦርሳውን ከፈተ፤ አፉ የሚጣበቀው ዓይነት ነበር። ችርር አለ። ልጁ ጨርቁን አውጥቶ ቀና ሲል ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

"ምነው ኦቦ ፈይሳ፣ በረደህ?" አለኝ።

"በረደኝ" አልኩት። ፀሐይ ነበር።